ስድስት ወር ብቻ ነው ያለሽ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እያፈላሁ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ አንዲት ልጅ ናት፣ በመልክ አውቃታለሁ፣ ኮንዶሚኒየሙ ስር ያለችው ሱቅ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ ህፃን አዝላለች፣ ዝናቡ ጫማዋን አጨቅይቶታል። "እትዬ ይቅርታ፣ ሰዎች ወደሳቸው ሂጂ ብለውኝ ነው" አለችኝ። ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ገባኝ፣ ምክንያቱም ሰው ውስጡ እየነደደ ሰላም ነው ሲል ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ እኔም ከአራት ወር በላይ እንደዛ ነበር ጎረቤት ሰላም ስል የከረምኩት።

ቁጭ አድርጌ ቡናውን ቀዳሁላት። ባሏ አብረው ያወጡትን ኮንዶሚኒየም ሳትሰማ ሸጦ ቀብድ ተቀብሎበታል። ለምን አደረገው፣ ሴት ይዞ ነው ወይ፣ ቁማር ነው ወይ፣ አልጠየቅኳትም። መጀመሪያ የጠየቅኳት "መቼ ነው ያወቅሽው?" ብዬ ነው። ግራ ተጋብታ አየችኝ። እኔንም የኔን ጉዳይ የያዘችው ጠበቃ መጀመሪያ እንደዛ ብላ ስትጠይቀኝ እንደዚሁ ነበር ግራ የገባኝ፣ ይሄን የምፅፈውም በዛች ጥያቄ ምክንያት ነው፣ ባል ሳያማክርሽ የጋራ ቤታችሁን ቢሸጥ ወይም በመያዣ ቢሰጥ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ቀን እየተቆጠረብሽ እንደሆነ ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ።

እኛ ቱሉ ዲምቱ የገባነው በ2004 ነው። ያኔ እዚህ ሰፈር ይሄ ሁሉ ቤት የለም፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ራሱ ገና እየተሰራ ነበር፣ ማታ ማታ ጅብ አጥራችን ስር መጥቶ ይጮሃል፣ ውሃ በአህያ ጋሪ ነው የምንገዛው። ቦታው በማኅበር የተገኘ 105 ካሬ ነው፣ ማኅበሩ የተደራጀው በባለቤቴ መስሪያ ቤት ሰራተኞች ስለነበረ ካርታው በሱ ስም ብቻ ወጣ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው በብዛት የምሰፋው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም እንቅልፍ የሚባል የለም፣ እግሬ እስኪያብጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ነኝ፣ በዛ ብር ነው ዕቁብ የምጥለው። መጀመሪያ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሰራን፣ ልጆቹን ይዘን እዛ ውስጥ ኖርን፣ ከዛ ዕቁብ በደረሰኝ ቁጥር አንዴ ብሎኬት አንዴ ቆርቆሮ አንዴ የበርና መስኮት ብረት እያልን ዋናውን ቤት በ2008 ጨረስን። የሳሎኑን ሴራሚክ ሲያነጥፉ እኔ አሸዋ እያቀበልኩ ነበር። ካርታው ላይ ስሜ አለመኖሩ አንድም ቀን ሃሳብ ሆኖብኝ አያውቅም፣ የኛ ቤት ነው አልን፣ አለቀ።

ትዳራችን ደግሞ በ2001 በሽማግሌ ነው የተፈፀመው። ድንኳን ተጥሎ፣ ምስክር ፈርሞ፣ የጋብቻ ውሉ በእጅ ተፅፎ። ማዘጋጃ ሄደን አላስመዘገብንም፣ በኋላም ወረዳ ላይ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሲጀመር ልጆቹን አስመዘገብን እንጂ እኛ ራሳችንን ማስመዝገብ ትዝም አላለን። ይሄ በኋላ ምን እንዳመጣብኝ እነግራችኋለሁ።

ኅዳር 13 ቀን 2015 ነው፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ማክሰኞ። ቀኑን የያዝኩት ከበዓሉ የተነሳ ነው እንጂ ያን ቀን ይጠቅመኛል ብዬ አይደለም። መኪናዋ ላይ ሆኜ የማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

"ሄሎ፣ ከባንክ ነው የምደውለው። የአቶ እገሌ እህት ነዎት ወይ?"

"አይደለሁም፣ ባለቤቱ ነኝ። ምነው፣ ምን ሆነ?" አልኩ፣ እኔ አደጋ የደረሰበት ነው የመሰለኝ።

ልጁ ዝም አለ። እስካሁን ያ ዝምታ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዛ "ይቅርታ እትዬ፣ ፎርሙ ላይ እህት ስለሚል ነው፣ እሳቸው ስልክ ስላላነሱልን ነው፣ የብድሩ ክፍያ ስላለፈ" አለኝ። የምን ብድር ስለው ከዚህ በላይ መናገር እንደማይችል ነግሮኝ ዘጋው።

ማታ መጣ፣ እራቱን አቀረብኩ፣ ልጆቹ እስኪተኙ ጠበቅኩ። አልካደም። ጓደኛው የመኪና መለዋወጫ ሊያስመጣ ብድር ፈልጎ መያዣ አጥቶ፣ በኛ ቤት ዋስ ሆኖለት፣ 1.8 ሚሊዮን ብር፣ ትርፉን ሊያካፍለው። ጓደኛው ከስሯል። "ለእናንተ ብዬ ነው፣ ሰርፕራይዝ ላደርጋችሁ ነበር" አለ። እሺ ያለኔ ፊርማ እንዴት ሆነ ስለው "ባንኩ አልጠየቀም" አለኝ። እኔም አመንኩት። ብድሩን ከሰማሁ በኋላ እንኳን ያቺን ቃል አመንኳት፣ አስራ አራት አመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነዋ። አይጠጣም፣ ሌላ ሴት የለውም፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ሰው እንዲህ አይነት ነገር ሲሰማ ክፉ ባል ይታየዋል፣ የኔ ክፉ አልነበረም፣ ለዛ ነው ያን ያህል ጊዜ የወሰደብኝ።

ከዛ ሽማግሌ ተባለ። የሱ አጎት፣ የነፍስ አባታችን እና የሰፈሩ የዕድር ዳኛ። ሶስቱንም አከብራቸዋለሁ። እኛ ቤት መጥተው ተቀመጡ፣ አጎትየው "ልጄ፣ ትዳር ገመናው ብዙ ነው፣ ገመናሽን አደባባይ አታውጪ፣ ጓደኛው መኪናውን ሸጦ እስከ ጥር ይከፍላል" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" አልኩ። ጥር መጣ፣ ገዢው ብር አላሟላም ተባለ፣ እስከ የካቲት። የካቲት መጣ፣ አሁን ደግሞ ዱከም ያለ መጋዘን ሊሸጥ ነው። በዚህ መሃል እናቴ እንኳን አታውቅም፣ ጎረቤት አያውቅም፣ ቡና ላይ ስቄ እጫወታለሁ፣ ማታ ትራሱን ነክሼ አለቅሳለሁ። ያሳፈረኝ ምን እንደሆነ እስከዛሬ በደንብ አልገባኝም። የበደልኩት እኔ አልነበርኩም። ግን አፈርኩ፣ እሱ ከሚያፍረው በላይ እኔ አፈርኩ።

በየካቲት መጨረሻ ሽማግሌዎቹ እርቁን በፅሁፍ እናድርገው አሉ። አጎትየው ራሳቸው በእጃቸው ፅፈው መጥተዋል፣ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ላይ። እኔ የሰው ልክ ስፅፍ ስለኖርኩ ወረቀት ሳላነብ አልፈርምም፣ ልክ አንዷን ቁጥር ከተሳሳትክ ጨርቁ ተበላሸ ነው። አነበብኩት። ብዙው እግዚአብሔር፣ ይቅርታ፣ ልጆች፣ ምናምን ነው። መሃል ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ "በቤታችን ላይ የተያዘውን ዋስትና ሁለታችንም የምናውቀውና የተስማማንበት መሆኑን"። ሁለቴ አነበብኩት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና "ጋሼ፣ ይሄንን መስመር ማን ነው ፃፉ ያለዎት?" አልኳቸው። አጎትየው ወደሱ አዩ። እሱ ምንጣፉን ነው የሚያየው፣ ቀና አላለም።

"አልፈርምም" አልኩ።

አባ "የኔ ልጅ፣ እርቅ አታፍርሺ" አሉኝ። "አባ፣ እርቁን አላፈረስኩም፣ ያልተስማማሁበትን ተስማምቻለሁ ብዬ ግን አልፈርምም፣ ውሸት ነው፣ እርስዎ ፊት እንዴት ብዬ" አልኳቸው። ዝም ተባለ። ወረቀቱን አጥፈው ይዘው ሄዱ። ያን ቀን ህግ አላውቅም ነበር፣ ያቺ መስመር ምን እንደምታደርገኝም አላውቅም፣ ብቻ እውነት አይደለችም። በኋላ ጠበቃዋ ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች፣ ፈርመሽ ቢሆን ኖሮ ያለፈቃዴ ነው ብለሽ መከራከሪያ አይኖርሽም ነበር አለችኝ።

መጋቢት 18 ሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል ብላ ነገረችኝ። የሀራጅ ማስታወቂያ። የቤቱ ካሬ፣ የመነሻ ዋጋ፣ ጨረታው ሚያዝያ 24 ከጠዋቱ በአራት ሰአት። ልጄ አስራ ሁለት አመቷ ነው፣ ማንበብ ትችላለች፣ "እማዬ ቤታችን ሊሸጥ ነው?" አለችኝ። እኔ መልስ አጥቼ ቢላዋ ይዤ ወጥቼ ወረቀቱን ከበሩ ላይ መፋቅ ጀመርኩ፣ ሙጫው አልለቅ አለኝ፣ ቀለሙን አብሮ አነሳው። የበሩ ቀለም እዛች ጋር እስካሁን እንደተፋቀ ነው። ለካ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አይጠበቅበትም፣ በ1990 የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 97፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሀራጅ መሸጥ ይችላል። እኔ ሰው ሳይከሰኝ፣ ዳኛ ፊት ሳልቀርብ ቤቴ አይሸጥም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

ሐሙስ እለት ክር ከምገዛባት ሴትዮ ጋር ስናወራ አለቀስኩባት፣ መጀመሪያ የነገርኩት ሰው እሷ ናት፣ እናቴ አይደለችም። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የህግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ነገረችኝና የዛኑ ቀን ሄድኩ። እና ጠበቃዋ፣ ወጣት ናት፣ ታሪኬን ሁሉ ልዘረግፍ ስል እጇን ዘረጋችና "እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ። ኅዳር 13 አልኳት። ካላንደሩን አወረደችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "ሃምሳ ሁለት ቀን አለሽ" አለችኝ።

አሁን ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የ1992። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰራው እሱ ነው (ሸገር ከተማ ወይም ሌላ ኦሮሚያ ውስጥ ላላችሁ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ህግ አለው፣ እዛ ጠይቁ)። አንቀፅ 63 በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚለው ሰው እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይወሰዳል ይላል። ካርታው ላይ ስሜ የለም ብዬ የተሸበርኩት ለዚህ መልስ ነበረው። አንቀፅ 68 ደግሞ የጋራ የሆነን ቤት ሁለቱ ካልተስማሙ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት፣ በመያዣ መስጠት አይቻልም ይላል፣ እንዲያውም ከተወሰነ ብር በላይ መበደርና ለሌላ ሰው እዳ ዋስ መሆንም የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል። ስለዚ እሱ ያደረገው ነገር ከመጀመሪያው ትክክል አልነበረም፣ እኔም ውሉ ይፍረስልኝ ብዬ መጠየቅ እችላለሁ።

ግን አንቀፅ 69 አለ። ውሉ ይፍረስልኝ ማለት የምትችዪው መኖሩን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ደግሞ አውቀሽም ሳታውቂም ውሉ ከተፈረመ ሁለት አመት ካለፈ በቃ አለፈ። የኔ ውል የተፈረመው ሰኔ 8 ቀን 2013 ነው፣ እና ሁለቱም በር በአንድ ላይ ሊዘጋብኝ ነበር፣ ስድስት ወሩ ግንቦት ላይ፣ ሁለት አመቱ ሰኔ ላይ። "ሽማግሌ ይዞኝ ነው የቆየሁት" አልኳት። "እሱን ለፍርድ ቤት ልትናገሪ ትችያለሽ፣ ግን ቀኑን ያቆምልኛል ብለሽ እንዳትተማመኚ" አለችኝ።

ከአራት ወር በላይ ነው በእሺ ጋሼ ያሳለፍኩት። ሽማግሌዎቹን ክፉ ናቸው አልልም፣ ትዳር ሊያድኑ ነው የመጡት፣ እነሱም ይሄን ቀን አያውቁትም። እኔ የምለው ሽምግልናም ይሂድ ክሱም ይግባ ነው። ክስ ገብቶ መታረቅ ይቻላል፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ታርቀሽም ቤቱ አይመለስም።

ክሱን ያስገባነው በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ሚያዝያ 4 ነው። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በንብረቱ ግምት ስለሆነ ለኔ የማይታሰብ ነበር፣ አቅም ለሌለው ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ የሚባል ነገር አለ፣ እሱን ጠየቅን፣ ተፈቀደልን። ከክሱ ጋር ቃለ መሃላ አያይዘን እግድ ጠየቅን፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥ። ዳኛዋ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት አየችውና ጨረታው ለጊዜው ይታገድ አለች። የእግዱን ደብዳቤ ራሴ ይዤ ባንክም ይዞታ ማረጋገጫም ገብቼ አድርሼ ገቢ አስደረግኩ፣ በመዝገብ ቤት ይላካል ብዬ አልተውኩትም፣ እናንተም አትተዉት።

አሁን ስለ አንድ ፎቶ ልንገራችሁ።

ባንኩ መልሱን ሲያቀርብ ማስረጃዎቹን አያይዞ ነበር። ጠበቃዋ ፋይሉን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አብረን እያየን ነው። የብድሩ ውል፣ የመያዣው ውል፣ የካርታው ኮፒ፣ ከዛ አንድ ወረቀት። ያላገባ ሰርተፊኬት። እኛ ከምንኖርበት ሳይሆን ከሌላ ወረዳ የወጣ፣ ግንቦት 23 ቀን 2013 ይላል። ስሙ፣ ያባቱ ስም፣ ያያቱ ስም፣ ጋብቻ ያልፈፀመ መሆኑን፣ ማህተም። ባንኩ አልጠየቀም ብሎኝ ነበር፣ ባንኩ ጠይቋል፣ እሱ ሚስት የለኝም ብሎ ወረቀት አምጥቷል። እህት ያለኝም ለዛ ነው።

ወረቀቱ ላይ ፎቶው አለ፣ ባለከለር ኮፒ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከአንገቱ ስር ያለችው ቁልፍ በሰማያዊ ክር ነው የተሰፋችው። እኔ ነኝ የሰፋኋት። ነጭ ክር አልቆብኝ፣ እሱ ጠዋት ቸኩሎ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ በዩኒፎርም ክር ላድርግልህ ማታ እቀይረዋለሁ ብዬው ነበር፣ ከራቫት ስለማያደርግ ትታያለች ብዬ ተጨንቄ። ችግር የለውም ብሎ ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። ሸሚዙንም የተኮስኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ይሁን ሌላ ቀን አላውቅም ፎቶውን የተነሳው፣ ግን እኔ የሰፋሁትን ቁልፍ ቆልፎ ነው አላገባሁም ያለው። ጠበቃዋ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ ጣቴን ቁልፏ ላይ አደረግኩ፣ መናገር አልቻልኩም። ብሩ ሳይሆን፣ ቤቱም ሳይሆን፣ ያቺ ክር ናት እስከዛሬ ሌሊት የምትቀሰቅሰኝ።

ከዛ በኋላ ክርክሩ ተገለበጠና ሚስቱ መሆኔን እኔ ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። አስቡት፣ ሁለት ልጅ ወልጄ። ባንኩ የተመዘገበ ጋብቻ የለም አለ። የጋብቻ ሰርተፊኬት ባይኖርም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርንና ዘመድና ጎረቤት እንደዛ ማወቁን በማሳየት ማስረዳት እንደሚቻል ህጉ ይፈቅዳል፣ ግን ተሯሩጦ ማስረጃ መሰብሰብ ነው። በእጅ የተፃፈውን የጋብቻ ውል እናቴ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፣ ጠርዙን ብል በልቶታል። የሰርጉን ፎቶ፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት፣ የትምህርት ቤት ፎርም። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን የዕድራችን መዝገብ ነው፣ 2005 ላይ አባል ስንሆን በስሙ ስር "ከነ ባለቤቱ" ተብሎ ስሜ ተፅፏል፣ በየወሩ የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ ፊርማዬ ነው ያለው። ያን መዝገብ ይዘው ችሎት ቀርበው የመሰከሩልኝ የዕድር ዳኛው ናቸው፣ እርቅ ተቀበዪ ሲሉኝ የነበሩት እሳቸው። የሚጠሯቸው መስሎኝ እንኳን አልነበረም፣ ራሳቸው መጡ። "ልጄ፣ ያን ቀን ወረቀቱን ሳላነበው ነው አብሬ የተቀመጥኩት፣ ይቅር በይኝ" አሉኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ፣ እግዚአብሔር ጤና ይስጣቸው።

የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ የመያዣውን ውል አፍርሶልኛል። ባንኩ ወረቀት አይቼ አምኜ ነው የሰራሁት ብሎ ይግባኝ ጠይቋል፣ እሱ ገና አላለቀም፣ እግዱ ግን እንዳለ ነው፣ እኛም ቤታችን ውስጥ ነን። የኔ እንዲህ ስለሆነ የሁሉም እንዲህ ይሆናል እያልኩ አይደለም፣ መዝገብ ከመዝገብ ይለያያል። ፍቺው ለብቻው ነው ያለቀው። እሱ እህቱ ጋር ነው የሚኖረው፣ እውነተኛ እህቱ ጋር፣ እሁድ እሁድ ልጆቹን ይወስዳቸዋል። በሀሰት ወረቀት የወንጀል ክስ መጠየቅ እንደምችል ተነግሮኛል፣ ሁለት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ልጆቼ አባታቸውን እስር ቤት ሄደው እንዲጠይቁ አልፈለግኩም። ልክ ነሽ የሚሉኝም አሉ፣ እንደሱ ያለ ሰው እየታለፈ ነው ሌላው የሚደፍረው የሚሉኝም አሉ፣ ሁለቱም እውነት አላቸው፣ እኔም ገና አልቆረጥኩም።

ትዳራችሁ ሰላም ቢሆንም፣ እንዲያውም ሰላም ሲሆን ነው የሚቀለው፣ ወረዳ ሄዳችሁ ጋብቻችሁን አስመዝግቡ። በሽማግሌም ይሁን በተክሊል የተጋባችሁ ብትሆኑ ይመዘገባል። ካርታው በአንዳችሁ ስም ብቻ ከሆነ የሌላችሁም ስም እንዲገባ ጠይቁ። ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን ይዞታ ማረጋገጫ ሄዳችሁ በየጊዜው አጣሩ። አላመናችሁትም ማለት አይደለም፣ የዕቁብ ብር ስትቀበዪ ትቆጥሪው የለ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ አረብ አገር ሰርታችሁ ብር የምትልኩ እህቶቼ፣ ውክልና ስትልኩ ቃል በቃል አንብቡት። ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ቤት ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥም በመያዣ ለመስጠትም አይበቃም፣ ለዛ በግልፅ የተፃፈ ልዩ ስልጣን ያስፈልጋል፣ እና ያ "የመሸጥ የመለወጥ በመያዣ የማስያዝ" የምትለዋ ሀረግ ውክልናው ላይ ካለች ሰጥታችኋል ማለት ነው። ፎርም ነው ተብሎ ዝም ብሎ ይገባል፣ አስወጡት። እዚሁ ሰፈር አንዲት ጅዳ ስምንት አመት የሰራች ልጅ በዛች ሀረግ ነው ቤቷን ያጣችው።

ልጅቷ ጋር ልመለስ። መቼ ነው ያወቅሽው ስላት ቡናውን ይዛ አሰበች፣ "የአስተርእዮ ማርያም ቀን ነው፣ ከንግስ ስመለስ ገዢው ቤት ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት" አለች። ጥር 21። እኛ ሐምሌ 6 ላይ ነን። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አውርጄ ጠበቃዋ እንዳደረገችው በጣቴ ቆጠርኩ፣ የካቲት 21፣ መጋቢት 21፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ 21። አስራ አምስት ቀን። ከዛ በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤት ለክረምት ይዘጋል። ሽማግሌ ይዞሻል ወይ ስላት አንገቷን ነቀነቀች፣ እስከ ፍልሰታ ታገሺ ብለዋታል። ፈርመሽ የሰጠሻቸው ወረቀት አለ ወይ አልኳት። የለም አለች። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ሰአት ተኩል ላይ ዝናቡ እየዘነበ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ወጣሁ። መንገዱ ዳር ጃንጥላ ይዛ ቆማ አገኘኋት፣ ህፃኑን በጋቢ ጠቅልላ አዝላዋለች፣ በብብቷ በፌስታል የታሰረ የሰርግ አልበም ይዛለች። እስከ ቃሊቲ የሚሄደው ታክሲ ሁለት ሰው ነበር የቀረው፣ ገባን።